አሥራ አራት ቁጥር

ጥገና ክፍል፣ ኮምቦልቻ፣ ሁላችን በምናርመው ገጽ ላይ፣
አንዲት መስመር ነበረች፣ ከመፍቻው ዝርዝር በላይ፦
«አሥራ አራት ቁጥር ክር ቢበጥስም፣ ቢያጓራ፣
እንዳትፈቱት፤ እንድሪስ ይጠራ።»

ሐምሌ ዘጠኝ፣ ረፋድ ላይ፣ ጦይባ መስመሯን ሰረዘች፤
ምክንያት በሚለው ሣጥን «አኼራ ሄዷል» አለች።

እኔ ደሴ። ሐረጎን ጉም ውጦት፣ ኔትወርክ የለ፤
በያዝኩት ቅጂ ውስጥ እንድሪስ እንዳለ አለ።
ከስሙ ጎን ጨመርኩ፦ «ማታ ነው ተረኛ፣ ታገሡ።»

ወርጄ ሁለቱን ሳዋህድ ኮምፒውተሩ ቆመ፦
«ሁለት ቃል ነው። የቱ ይጽና?» እጄ ደከመ።
የጦይባን አጸናሁ።

ትናንት ሌሊት አሥራ አራት ቁጥር በጠሰ።
ስደርስ ጦይባ፣ መፍቻው በእጇ፣
ታሪክ የሚለውን ከፍታ፣
ከሐምሌ ዘጠኝ በፊት ያለው ቅጂ ላይ ቆማለች።
ማሽኑን ገና አልፈታችም።