በሩንስ ማን ጠየቀው?

ማቶዚኞስ ወደብ፣ ሰኞ ማለዳ ነው፤
ዝናቡ መስኮቱን በጨው የሚያጥበው።
ዴኦሊንዳ ገባች፣ ጃንጥላዋን ዘግታ፣
ከሒሳብ ጠረጴዛ፣ ከሠላሳ ዓመት ቦታ።
ከሥራችን ማሽኑ ሰርዲን ሲያሽግ ነበር፤
እሷም የመሥሪያ ቤት ኢሜይሏን ስትጀምር፣
አንድ መልእክት መጣ፦ «ሣጥንሽ ሞልቷል፤
ዛሬ ካልገባሽ ግን ነገ ይዘጋል።»

ገጹ ያው ገጽ ነበር። ያው ሰማያዊ ቀለም፣
ያው የዓሣ ምልክት፣ የጎደለው የለም።
ስምሽን ጻፊ አለ። ጻፈች።
የይለፍ ቃልሽንስ? እሱንም ሰጠች።
ቃሉ የጀልባ ስም ነው፣ የባሏ የአቢሊዮ፣
ከሰመጠችበት ዓመት ጋር ተሰፍቶ፤
ሃያ ሁለት ዓመት በጣቷ የጠራችው፣
ባፏ ግን ለማንም ያልተነፈሰችው።

እኔም ከጎኗ ነኝ፣ ያው መልእክት ደርሶኛል።
ጥንቃቄ አላዳነኝም፤ መዋሸት ምን ያደርጋል?
ርቦኝ ነበርና ሁሉን እንዳለ ትቼ
ዳቦ ልበላ ወጣሁ፤ ተረፍሁ ሰልችቼ።

ሐሙስ የዘይት ነጋዴው ደወለ፤
«ክፍያዬስ?» አለ።
ከፍለናል አልነው። ለካስ በእሷ አድራሻ፣ በእሷው ቃና፣
«የባንክ ቁጥሩ ተቀይሯል» የሚል ወጥቶ ኖሯልና፣
አርባ አንድ ሺህ ዩሮ
ሄዷል ተሻግሮ።

ዴኦሊንዳ ድሮ ማሸጊያው ላይ ሳለች
ቆርቆሮውን በጥፍሯ መታ እያደረገች
ያበጠውን በድምፁ ትለይ ነበር።
ያው ወረቀት ለብሶ፣ ያው ወርቃማ ቀለም፤
መርዝ ከላይ አይጻፍም።
«ይሄ ገጽ ግን» አለች፣ «ቢመቱትም አይጮህም።»

ቴልሞ መጣ፣ ልጁ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው።
አልተቆጣም። ተንበርክኮ አድራሻውን አሳያት፦
«አር» እና «ኤን» ተቃቅፈው «ኤም» መስለው ቆመዋል፤
የቸኮለ ዓይን አንድ ፊደል ይላል።
«በሩ ጠዋት ጠዋት ማነሽ ይልሻል፤
አንቺስ በሩን ማነህ ብለሽው ታውቂያለሽ?»

ዝም አለች። እኛም ዝም።
ቤታችን ሲንኳኳ «ማነው?» ሳንል አንከፍትም፤
እዚህ ግን እኛው ነን በር አንኳኪዎቹ፣
ማን እንደቆመ ሳናይ ቁልፍ አስረካቢዎቹ።

አሁን ሁላችንም አንዳንድ ቁልፍ ይዘናል፣
የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች፣ ኪሳችን ትገባለች፤
ገጹ የራሳችን ካልሆነ ትንፍሽ አትልም፣
እኛ የረሳነውን እሷ ትጠይቃለች።

ከገንዘቡ ግማሹ ተመለሰ። ዴኦሊንዳ አላለቀሰችም።
ያለቀሰችው ቴልሞ «የድሮውን ቃል አጥፊው» ያላት ጊዜ ነው።
ጀልባዋ ዳግመኛ ሰመጠች፣ በደረቅ፣ ከቢሮ ወንበር፣
ሌባው እንኳ የሰረቀውን ሳያውቀው።

አዲሱን ስትጽፍ ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስሁ።
ረጅም ነበር ቃሉ፤ የጣቶቿን ድምፅ ብቻ ሰማሁ፣
እንደ ጥፍር በቆርቆሮ፣ መታ፣ መታ፣
ቆጠርሁት፤
ከዚያ ቁጥሩን ረሳሁ።