ባለፉት ሰባት ቀናት

ቆጪ ላይ ዝናብ ነው፣ ጭቃው የያዘውን ጫማ አይለቅም፤
ታብሌቴን በፌስታል ጠቅልዬ አራተኛውን በር አንኳኳሁ።
«ማነው?» አለኝ ድምፅ ከውስጥ። «ከስታቲስቲክስ» አልኩ፣ «አልቆይም።»
(አልቆይም ማለት ልማዴ ነው፤ ሁልጊዜ እቆያለሁ።)

ነስሮ አባ ፊጣ በርጩማ ሳበልኝ፣ ሦስት እግር፣ ቀለም ያልነካው፣
ብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰው፣ ገና እንጨት እንጨት የሚሸት።
«ተቀመጪ፣ ይችልሻል» አለኝ፣ «ቀለሙ ብቻ ነው የቀረው፣
እሱ የከሰዓቶቹ ሥራ ነው፤ የኔ እስከ ስድስት ሰዓት።»

እንደተጻፈው አነበብኩለት፤ አንድም ቃል መቀየር አይፈቀድም፦
ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ፣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት፣
ለክፍያ ወይም ለትርፍ ሥራ ሠርተዋል?

«አንድ ሰዓት?» ሳቀ። ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ።
«አንድ ሰዓትማ በሕልሜም እሠራለሁ።
አዎ በይ። አዎ ብለሽ ጻፊ።»

ነካሁት። አረንጓዴ ምልክት ወጣ። ነስሮ ሥራ አለው።
ታብሌቱ ወደሚቀጥለው ገጽ ቸኮለ፤ ሰውየው ግን ገና ነው።

«ሂርማታ ወርክሾፑ ውስጥ ስምንት ነበርን፣ ከጠዋት እስከ ማታ፤
ጣውላ ሲወደድ፣ ገዢ ሲጠፋ፣ መብራት ሲመጣ ሲሄድ፣
ባለቤቱ ሰበሰበን። ደግ ሰው ነው፣ አይወድም ጫጫታ፤
ማንንም አላባርርም አለ፣ አራቱ ሲገባ አራቱ ይሂድ።

አጨበጨብንለት። ወላሂ አጨበጨብን።
ደሞዙም አብሮ መሰንጠቁን ያወቅነው ቅዳሜ ነው።

ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት ይላል የጥንት ሰው፤
እኔ ሥራም አልፈታሁ፣ ልጄም ከባሏ ጋር ናት፤
ከስድስት በኋላ ያለውን ፀሐይ ግን ምን ላድርገው?
ግማሽ ልጩ ግማሽ ጎፈሬ ሆኜ የት ልግባበት?

ሜትሬን በኪሴ ይዤ አዌቱ ድልድይ ላይ እቆማለሁ።
ያዘመመ በር ካየሁ ‹ላቃናው?› ብዬ እጠይቃለሁ።
‹ነገ› ይሉኛል። ሁሉም ሰው ነገ በር ሊያሠራ ነው።»

ቀጠልኩ፦
ተጨማሪ ሰዓት ቢያገኙ ለመሥራት ፈቃደኛ ነዎት?

«ፈቃደኛ» አለ ቀስ ብሎ፣ ጣውላ እንደሚመርጥ ሰው
ቃሉን እያገላበጠ። «ዛሬ። አሁን። ይሄ ዝናብ ሳያባራ።»
«በሁለት ሳምንት ውስጥ» የሚለውን ሣጥን ነካሁ፤
ከዚያ የቀረበ ሣጥን አልተሠራም።

ይህ መልስ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ።
ሪፖርቱ ሲታተም የፊተኛው ገጽ አይገባም፤
አባሪ ውስጥ፣ ከኋላ፣ በደቃቃ ፊደል ይተኛል።
ሥራ አጥነት አልጨመረም ይላል ሬዲዮ። አልዋሸም።
ማንም አልተባረረም፤ በር ላይ የቆመ ሰልፍ የለም።
ምስጥ የገባበት ጣውላም ከውጭ ሲያዩት ጣውላ ነው፣
ቀለም ይይዛል፣ ያበራል፤
አንኳኩቶ ድምፁን የሚያዳምጥ አናጢ ነው የሚያውቀው።
እኔ ግን የምከፈለው በር ለማንኳኳት ነው።

ፌስታሉን ሳጠብቅ ጠየቀኝ፦
«አንቺስ ልጄ፣ ቋሚ ነሽ?»
«የአሥራ አንድ ቀን ኮንትራት።»
«ከዚያስ?»
«እስኪደውሉልኝ።»
ዝም አለ። ከዚያ ያንን ጥያቄ፣ እኔው ባነበብኩበት ድምፅ፣
ቃል ሳይቀይር መለሰልኝ፦
«ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ፣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት…»

አዎ አልኩ።
ሁለታችንም አንድ ዓምድ ውስጥ ገባን።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።
ሂርማታ አሁን ቀለም እየተቀባ ነው።
አምስተኛው ቤት ውሻ አለው፤
ድንጋይ አንስቼ፣ አልወረወርኩም፣ በእሱ በሩን መታሁ።