ያልተፈታ ስም

ስሟ ሬት ይባላል። በእኛ አፍ መራራ ነው፣
በኢስቶኒያ ደሴት ሉል ነው ትርጓሜው፤
አንድ ድምፅ ነው ያለው፣ ቤት ግን አለው ሁለት፣
እንደ ጠሪው ያድራል፣ እንደ አንደበት።

ጥር ነው በሂዩማ፤ ባሕሩ ረግቶ
ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሜዳ ተዘርግቶ፣
ጠዋት ሁለት ሰዓት መንገድ ይከፈታል፣
መኪና ያለ መርከብ በእግሩ ይሻገራል።
ግን በረዶው ስንት ጣት እንደ ወፈረ
የሚናገር ፕሮግራም ማሽን ቀየረ፤
ከምንጩ እንደገና መገንባት አለበት፣
ሬት ከወደብ ቢሮ ናት፣ ከሌሊቱ ስምንት።

ፋይሉ በየተራው ተተርጉሞ አለቀ፣
አርባ ሁለቱም ያለ ስህተት ጸደቀ።
ከሁሉ በስተኋላ ሊንከሩ በር ይዞ
«ውፍረት» የሚል ስም ላይ ቆመ ተመርኩዞ፦
«ሰባት ቦታ ጠሩት፤ ሰማሁ ሲጠራ፣
አቤት ባይ የለውም፤ አልችልም ልሠራ።»

«አለ እኮ!» አለች ሬት፣ ማህደሩን ከፍታ፤
ላይብረሪው ተኝቷል በዚያው በድሮ ቦታ።
አጥፍታ ጫነችው። ያው ነው።
አድራሻውን ጻፈች። ያው ነው።
ማሽኑን ሰደበች፤ ማሽኑም ዝም አላለም፣
ያንኑ ሰባት መስመር ደገመ፦ «የለም፣ የለም።»

ውርጭ በመስኮቱ ላይ ላባ እየሣለ
ሌሊቱ ገፋ፤ ማን ያውቃል? ማን አለ?
አንድ ሰው። ያን ኮድ የጻፈው ኤንዴል፣
ጡረታ የወጣ፣ እንጨት ሲፈልጥ የሚውል።

በአሥራ አንድ ደወለች፤ ሳይደነግጥ አነሣ፣
«ትዕዛዙን አንብቢልኝ፣ አንድም ቃል ሳይረሳ።»
አነበበች። ሳቀ፤ ሳል ያለበት ሳቅ ነበር።
«እኔን ከፊት አርገሽ ለማን ልናገር?
እሱ ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ ነው የሚሄደው፣
ሳይፈለግ የመጣን ረግጦ ነው የሚያልፈው፤
ወደ ኋላ የሚዞር አንገት የለው፣ ልጄ፤
አስቀድመው ይጥሩኝ፣ ያኔ ይደርሳል እጄ።»

አንዲት ቃል አነሣች ከመስመሩ መሐል፣
ጫፉ ላይ አኖረች። ጠበቀች። ዝም ብሏል።
የሊንከር አፍ እንዲህ ነው፤ ምርቃት አያውቅ፣
ሲጎድለው ይጮኻል፣ ሲሞላለት አይስቅ።
ከዚያ ቁጥር መጣ፦ ሃያ ስድስት ሳንቲ ሜትር።
ይበቃል። ተጻፈ በመንገዱ በር።

ሁለት ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያው መኪና
ወረደ ከዳርቻው፣ በዝግታ፣ በጥሞና።
ሾፌሩ ዓሣ ሻጭ ነው፤ ቀበቶውን ፈታ፣
ሕጉ ነው፤ በረዶ ላይ መታሰር የለም ለአፍታ፣
ቢሰነጠቅ ዘሎ እንዲወጣ።
ሬት ከመስኮት አየች፣ ሌሊቱን በሙሉ
ስታያይዝ ያደረች፣ ተፈትተው ሲያልፉ ሁሉ።

ስልኳ ጠራ፤ ኤንዴል ነው።
«አቤት» አለች።