ሦስት ብር ከስልሳ ስምንት

ሐረጎን ስወጣ ጉሙ ተቀበለኝ፣
ደሴ ስገባማ ነጠላው አነሰኝ።
በዚህ ወር ብቻ እንኳን ይህ አራተኛዬ፣
ለመኪና አለቀ የዒድ በግ መግዣዬ።
ከመስኮቱ ወዲያ ልጁ ቀና አለና
«ጦይባ ይመር?» አለኝ ኮምፒውተሩን አየና፤
«አሥራ አንድ ዓመት ነው እዚህ ላይ ያለው፣
ስምንቱ ግን የለም፤ ማስረጃዎ የት ነው?»

ማስረጃዬማ ያው፣
በዚያ ክፉ ኅዳር መዝገብ ቤቱ ሲሰበር
እንደ እህል ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ጤዛ ያነበበው፣
ፍየል ያጣጣመው፣
የተረፈውንም ብርድ የመታው ሰው ሁሉ ለኩሶ የሞቀው።
ይህን አልነገርኩትም።
እሱ የሚሻው ፔሮል ነው፣ ፊርማና ማኅተም።

ሰባ ሰባት ላይ ነው ፈትል ክፍል የገባሁ፣
«ዘጠና ሁለት ብር ደመወዝሽ» የተባልሁ።
ከመቶ አራት ብለው ሲቆርጡብኝ ጊዜ
ሦስት ብር ከስልሳ ስምንት ወጣች ከደሞዜ።
«ለእርጅናሽ ነው» ሲሉኝ
ሃያ እንኳ አልሞላኝ፣ እርጅና አሳቀኝ።

ኮምቦልቻ ተመልሼ ቤቴን ገለበጥኩት።
ከሣጥን የሙሽርነት ፎቶ፣ ከፍራሽ ሥር የውሃ ደረሰኝ፣
የማን እንደሆነ የማላውቀው ቁልፍ።
የወሊድ ፈቃዴን ያገኘኋት ግን
ጠረጴዛው እንዳይወላገድ እግሩ ሥር ወትፌያት ነው፤
አራት ታጥፋ፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ
እራታችንን ተሸክማ።
ከሷ ሦስት ወር ወጣልኝ።

ከዚያ የሟች አስካላ ልጅ በፌስታል ቋጥሮ
የእናቱን የዕቁብ ደብተር አመጣልኝ አድሮ።
በየወሩ ሃያ ስምንት፣ በዚያ ጠማማ ጽሕፈቷ፣
«ጦይባ፣ አሥር ብር» ትላለች፤ ነፍሷን ይማራት፣ አቤት ጥራቷ!
ለልጁ አሳየሁት፦
«ደመወዝ ካልበላሁ ዕቁብ ከየት ጣልኩት?»
ሳቀ፤ ግን ጻፈው።
«ምስክርስ?» አለኝ፤ ሙሄን ጠራሁት ከደጅ ከቆመው።

ሙሄ የሽመና ክፍል ሰው ነው፤ ጆሮውን ማሽኑ በልቶታል።
እዚያ ጩኸት ውስጥ ቃል የሚሰማው በዓይን ነው፣
መልሱም በእጅ።
የልጁን ከንፈር አየ፣ አየ፣
ከዚያ በሁለት እጁ የተበጠሰ ክር ቀጠለ፣
ወደ እኔ ጠቆመ፣
አንዱን መዳፍ ዘረጋ፣ ከሌላው ሦስት ጣት ጨመረ።
ልጁ ቆጠረና «ሰባት ዓመት» ብሎ ሊጽፍ ሲል
«ኧረ ስምንት ነው!» አልኩ። «እጁን ደግመህ እየው፤
አንደኛዋን ጣቱን ማሽኑ ጡረታ አውጥቷት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀለለ። ወር በወር፣ ገጽ በገጽ፣
ልጁም «እትዬ» ማለት ጀመረ።
ግንቦት ሰማንያ ሦስት ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ።
አስካላ በዚያ ገጽ ምንም አልጻፈችም።
መንግሥት ሄዶ ነበር፤ ደመወዝ አልመጣም።

እኛ ግን ገብተናል።
በእግር፣ በቦርከና ዳር፣ ስንቅ ሳንይዝ፤
ማሽኑ እንዳይዝግ ዘይት ቀባነው፣
የረገፈ ጥጥ ጠረግን፣
ወንዶቹ ማታ ማታ በዱላ በር ጠበቁ።
ማን ይፈርም? ማን ይቁረጥ? ከምኑ ላይ አራት ከመቶ?
«ይህቺ ወር ትቅር፣ እትዬ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ።
የዜሮ አራት ከመቶ ዜሮ ነው፤ ልጁ አልተሳሳተም።

ዘጠና አምስት ወር ብሎ ማኅተሙን መታው፣
ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አልኩት ቆሜ።
ወረቀቱን ከደረቴ ከትቼ
ሚኒባስ ስንሳፈር ሙሄ «እህ?» አለ በግንባሩ።
ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ ብቻ፣
«አንድ ወር ጎደለች» አልኩት።

ሐረጎን እስክንጨርስ ዝም አለ።
ኮምቦልቻ ከታች፣ ፀሐይ ላይ፣ ብቅ ስትል
ጉማጅ ጣቱን አነሳት።