ያልተሞላው ዓምድ

ጥቅምት ነበር፣ ቶሌዶ፣ ሐይቁ ጉም ሲተፋ፣
ሬዲዮው ሲናገር የዋልዶ ቢራ ተደፋ።
«ሸጡት!» አለ ጮኾ፣ «ዱዘንቤሪን ሸጡት!
ለዚያ ለበረሃ፣ ለቱሳን ሰጡት!»

ግራውን የያዘ፣ መቶ አርባ ኪሎ ዘብ፣
ወርዋሪው በማያይበት የቆመ የሥጋ ግንብ።
በመስከረም «ውጣልን!» ያለው ስታዲየም በሙሉ
ወርቃችን ሄደ ይላል ዛሬ፤ በእጅ ሳለ መዳብ ነው ሲሉ።
በምን ለወጡት? በዕጣ፤ በሁለተኛ ዙር ተራ፣
ለከርሞ እንኳ ያልሆነ፣ ከከርሞ ወዲያ አዝመራ።
ፊት የለው፣ ቁመት የለው፣ ስም እንኳ የለው ገና፤
ከሥጋ ለባሽ ሰው ጋር ባንድ ሚዛን ወጣና
እኩል ነው ተባለ።

በነጋታው በጋዜጣው፣ ግሪዝዎልድ የሚሉት ጸሐፊ
ቀይ ብዕሩን መዘዘ፣ እንደ ክፉ መምህር ገራፊ፤
ለቶሌዶ «ኤ» ሰጠ፣ ለቱሳን «ዲ»፣ ከነሰረዝ።
«ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ወገቡ ሊደርቅ፣ እግሩ ሊደነዝ።
ፈረስ የሚሸጥ ሰው፣ ሳያነክስ ነው ብልሃቱ»
አለ። ኳስ ይዞ አያውቅም ይህ ሰው በሕይወቱ።

እኔ ፖስታ አዳይ ነበርሁ፣ ሠላሳ ዓመት በእግሬ፤
ሳይከፈት ደብዳቤ፣ ደስታ ይሁን መርዶ አለማወቅ ነው መማሬ።
ሰማያዊ ደብተር አለኝ፤ «የሰጠ»፣ «የተቀበለ»፣
ሦስተኛው ዓምድ «ማን አተረፈ»፤ ብዙው እንደ ነጣ አለ።
ሕጌ አንዲት ናት፦ ሁለቱም ጫማ እስኪሰቅሉ አልፈርድም።
ዋልዶ፣ የእህቴ ባል፣ እስከ እራት እንኳ አይታገሥም።
«ቱሳን በላች!» አለ። እኔ «ቶሌዶ» አልሁ፣ ለወጉ፤
በአንድ የቼሪ ፓይ ተወራረድን፣ ሳቁ ጢሙ ሥር እየተጨነቀ ጥጉ።

በኅዳር ወርዋሪያችን ስድስት ጊዜ ወደቀ፣
የጎኑ አጥንት እንደ ደረቅ ጭራሮ ደቀቀ።
ግሪዝዎልድ «ኤ»ውን አጥፍቶ «ሲ» ጻፈ፤
ስለ ቀድሞው ፊደል አንድ ቃል ሳይተነፍስ አለፈ።
ዋልዶ በሹካ ጠረጴዛዬን መታ፤ «ፓይ!»
«ቆይ» አልሁት። «ዕጣው አለ፤ ዕጣው ሳይወጣ? ቆይ።»

ዕጣው ወጣ። ከነብራስካ፣ ግሬብነር የሚባል ሯጭ፣
እንደ ሚዳቋ ዘላይ፣ እንደ ውሃ አምላጭ።
ለሁለት ወር ከተማው ስሙን በጀርባው ለበሰ፣
ዋልዶ ድምፁ ጠፋ፤ ግሪዝዎልድ ወደ «ኤ» ተመለሰ።
በሦስተኛው ወር፣ በዝናብ፣ ማንም ሳይነካው፣ ዞር ሲል፣
ጉልበቱ ተበጠሰ። ስልሳ ሺህ ሰው ዝም ሲል
የዝናቡ ድምፅ ተሰማ።

ዱዘንቤሪ በበረሃው ዋንጫ አነሣ ባመቱ።
ዮሊንዳ ግን እዚህ ቀረች፣ ሞሚ ወንዝ ዳር ካለው ቤቱ፤
ልጅቷ ክላርኔት ጀምራ፣ ከጓደኞቿ አትነጠል ብላ።
ፖስታቸውን የማደርስ እኔ ነኝ። ቁልቋል ቆሞ በጠራራ ጥላ፣
እንዲህ ያለ ካርድ ይመጣ ነበር፣ በየሳምንቱ፣
በልጅቷ ስም፣ በዚያ በትልቁ እጅ፣ ጎባጣ ጽሕፈቱ።
ቀጥሎ በየወሩ። ቀጥሎ ከጠበቃ፣ ወፍራም ፖስታ፤
ዮሊንዳ ፈርማ ወሰደች፣ በሩን ዘጋች በዝግታ።

ለዚህ ዓምድ አላሰመርሁም።

ዘንድሮ ዱዘንቤሪ ጫማውን ሰቀለ። ግሬብነር፣ ሊንከን ከተማ፣
የመኪና ጎማ ይሸጣል አሉ፤ ያነክሳል፣ ዝናብ ሲመጣ በማለዳ ጨለማ።
በሕጌ መሠረት ቀኑ ደረሰ። እርሳስ ቀረጽሁ፣ ደብተሩን ዘረጋሁ፤
መብራቱን አበራሁ፣ አጠፋሁ፣ ደግሞ አበራሁ።
ዋልዶ በሚያዝያ ሞቷል።
አሁን የምከራከረው ከወንበሩ ጋር ሆኗል።

ፓይ ገዛሁ። ቼሪ። በርኒስ ዘንድ፣ እህቴ ቤት ሄድሁ።
ልማድ ሆኖባት ሦስት ቦታ ቆረሰች፤ አየሁ፣ ዝም አልሁ።
«እና በመጨረሻ፣ ያ ልውውጥ» አለች፣ ሹካ እያቀበለች፣
«ማን አሸነፈ?»
«ዋልዶ።»
«ውሸታም» ብላ፣ ሦስተኛውን ቁራሽ ወደ እኔ ገፋች።