የቀኝ በር

በፍሊንት ከተማ፣ ከማኅበሩ ደጅ፣
ሰሌዳ ቆሟል፤ የተጻፈ በእኔው እጅ፦
«የውጭ መኪና ከዚህ ግቢ አይቆምም፤
ቢጎተት፣ ቢጫጫር፣ ማንም አይጠይቅም።»
ቀለሙ ቀይ ነው፤ ጫፉ ላይ ወርዷል፤
ያን ለት ብርድ ነበር፣ እጄ ተንቀጥቅጧል።

ዘበኛ አትበሉኝ፤ ዘበኛ አልነበርኩም፣
ሃያ ሁለት ዓመት ከመስመር አልራቅሁም።
እኔ የግራውን በር፣ ካዚሚር የቀኙን፣
በባዶው ገላዋ ስንተያይ ዓይን ለዓይን፣
ወንበር ሳይገባላት፣ መሪ ሳይኖራት፣
በመኪናዋ አጥንት፣ በዚያች ቀዳዳ ፊት፣
ስንቱን አወራነው፤ የልጁን ትዳር፣
ስለ ዓሣ ማጥመድ፣ የወገብን ነገር።

እሱ በር ከገጠመ ዘግቶ ያዳምጣል፤
«ድም» ካለ ይስቃል፣
«ኳ» ካለ ይፈታል።
ለዚያች ለአንድ ድምፅ፣ ጀርባው እስኪጎብጥ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ቆመ ሲያዳምጥ።

ባለፈው ኅዳር ላይ ካዚሚር አረፈ።
ምሳ ተሰናዳ፤ ሰዉ ተሰለፈ።
እኔ ከደጅ ቆሜ መኪና ሳስተናብር፣
ዝናቡ በአንገቴ ሲወርድ፣ ሲንቆረቆር፣
ኢርማ ብቅ አለች፤ ሚስቱ ናት፤ መጣች፣
አንዲት ግራጫ ነገር፣ የጃፓን፣ እየነዳች።
ከጎኗ ወንበር ላይ በቀበቶ ታስራ
የጥቅል ጎመን ድስት፣ እንደ ልጅ፣ ከእሷ አብራ።

እጄ ተነሣብኝ። እኔ አላዘዝኩትም፤
አሥራ አንድ ዓመት የለመደው አይቀርም።
መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ሰሌዳውን አየች፣
ቀጥላም እኔን። «ያንተ ጽሑፍ» አለች።
ሌላ ቃል አልወጣት። ማርሹን መለሰች፣
ከመንገዱ ማዶ፣ ከተዘጋው ጎማ ቤት ሄዳ አቆመች፣
ድስቷን ታቅፋ ዝናቡን ተሻገረች።
ለካ ለዚህ ኖሯል፣ ከሚያዝያ ወዲህ፣
«ሐኪም አዞኝ» ብሎ በእግሩ ሲመጣ እዚህ።

ፍረዱኝ እንግዲህ። ግን ይህንንም ስሙ፦
ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ከመስመሩ ወድቀው የቀሩ፣ የከሰሙ።
ትልቁ ቴክሳስ ነው፣ ጣሪያ ያለብሳል፤
ታናሹ ምድር ቤት እስከ ቀትር ይተኛል።
ከጎረቤት ደጃፍ ባዕድ መኪና ሳይ
የልጄን ምሳ ዕቃ በሌባ እጅ ላይ
ያየሁ ይመስለኛል።
ሐሰት ነው አልልም። ሙሉ ነውም አልልም።

ከምሳ በኋላ ሳህን ይዛ መጣች፤
ዓይኗን ከዝናቡ ሳትነቅል አወራች፦
«ጥር ላይ፣ በሌሊት፣ ደረቱን ሲይዘው፣
የራሳችን መኪና፣ ራሱ የሠራው፣
በሩ እንዴት ተዘጋ መሰለህ! ሰማና
ሕመሙን ረስቶ ሳቀ እንደ ጤና።
ቁልፉን አዞርኩት። አቃሰተ ሞተሩ።
ደግሜ አዞርኩ። ዝም። በረዶው፣ አየሩ...
አምቡላንስ እስኪመጣ ሁለታችን ተቀመጥን
የአገራችንን በር አሳምረን ዘግተን።
ሲሻለው እሱ ነው ግዢ ብሎ ያለኝ፤
"ጠዋት የሚነሣ"፤ ሌላ አላዘዘኝ።
ገንዘቡም ያው ነው፣ ያ መሰናበቻው፣
ድርጅቱ መስመሩን ነቅሎ ሜክሲኮ ሲተክል የሰጠው።
እስቲ ንገረኝ ዌንደል፣ አንተ ነህ ጸሐፊው፤
ከእኔና ከእነሱ
መጀመሪያ አገሩን ጥሎ የሄደ ማነው?»

ጎመኑን ጎረስኩ። አፌ ሞላ። ተመስገን።

ባዶ ድስቷን ይዤ ሸኘኋት እስከ ማዶ።
የቀኙን በር ከፍቼ ድስቷን አስቀመጥኩኝ፣
በቀበቶ አሰርኩኝ፣
በሩን ዘጋሁኝ።

ድም።

እርግማን! እንደ እሱ። ቁርጥ የካዚሚር ነው።
ባሕር ማዶ ይሁን፣ ወይ እዚህ ኦሃዮ፣ አላውቀው፤
የሆነ ቦታ አለ አንድ ጀርባው የጎበጠ፣
ዘግቶ ያዳመጠ።

ሰሌዳው ዛሬም አለ። አላወረድኩትም።
ቀለሙ ተላልጧል፤ እሱንም አላደስኩትም።
ያን ለት ግን፣ ኢርማ ሞተር አስነሥታ፣
(ባንድ ቁልፍ ተነሣ፣ ያላንዳች ማመንታት)
እጄ ተመልሶ በሩን ከፈተና
ደግሞ ዘጋው።
«ምነው?» አለችኝ በመስኮት።
«አልገጠመም ብዬ» አልኳት።
ዋሸኋት።