ላልቶ ወይስ ጠብቆ

አዳማ። ሚያዝያ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።
መብራት ሄዷል፤ ማራገቢያው ከጣራው ሥር ደርቆ ቀርቷል፣
ነፋሱ ብቻ ከኮረብታው ወርዶ በመስኮት ይገባል፣
ደብተራችን ላይ አፈር ይዘራል።

መምህር ሂርጳ ቴርሞሜትሩን ከግድግዳ አወረዱ።
«ስንት ይላል?»
«ሠላሳ አራት።»
«ከየት ጀምሮ?»
ዝም አልን። ሙቀት ሙቀት ነው፤
አዳማ ላይ መነሻውን ማን ጠይቆ ያውቃል?

«ይህ ዜሮ የውሃ ዜሮ ነው፣
ውሃ በረዶ ሲሆን የተተከለ ችካል።
ከዚያ ሥር ገና ሁለት መቶ ሰባ ሦስት እርከን አለ፣
ሁሉ ጸጥ ወደሚልበት ደጅ የሚወርድ።
እዚያ ቁሙና ቁጠሩ፤ እኛ ሦስት መቶ ሰባት ነን።
ሌሊት ‹በረደ› ብላችሁ ጋቢ ስትደርቡ፣ ሁለት መቶ ዘጠና።
ከዚያ ሁሉ ላይ አሥራ ሰባት ቢነሳ ምን ጎደለ?

አንዲት ቅንጣት አለች፤
እዚህም እዚያም ናት፣ ባንድ ጊዜ፣ ካልነኳት።
ለእሷ እኩለ ሌሊታችሁ እኩለ ቀን ነው።
ሙቀት የሰፈር ወሬ ነው፣ ልጆች፤
አየሩ ገፍቷት ያልፋል፣ ግድግዳው ብርሃን ይረጭባታል፣
የነካት ሁሉ ‹እዚህ ናት!› ብሎ ለጎረቤቱ ይናገራል።
እሷ አትሞትም። ሁለትነቷ ነው የሚመነዘር፣
በሺህ ምስክር ኪስ ገብቶ
ተመልሶ የማይሰበሰብ ዝርዝር።»

ላባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።
ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፉ፦

ይለካል

«ላልቶ ነው ጠብቆ?» አለች ኢፍቱ ከኋላ ወንበር።
ላልቶ ከሆነ፣ ለኪ ነው። ጠብቆ ከሆነ፣ ተለኪ።
«ጠመኔ አያላላም፣ አያጠብቅም» አሉ።
«አሁን ሁለቱንም ነው። አንብቢው ብልሽ ግን
ትንፋሽሽ ትኩስ ነው።»

ማንም አላነበበም።
ለትንሽ ጊዜ፣ በዚያ ሁሉ ወበቅ መሃል፣
አንድ የቀዘቀዘ ነገር በክፍሉ ነበር።

ከዚያ መብራት መጣ። ማራገቢያው ተንቀጫቀጨ።
ወይዘሮ ዳርሚቱ መጥረጊያ ይዘው በሩን ከፈቱ፣
ሰሌዳውን አዩ፣
ጮክ ብለው አነበቡት።

እንዴት እንዳነበቡት አውቃለሁ።
አልነግራችሁም።
ቃሉ ይኸው፣ ከላይ፣ እንደ ተጻፈ ነው፤
ከንፈራችሁን አታንቀሳቅሱ።